የይርገዱ ዕጣ

ዓርብ ዓርብ ነው እቁባችን፣ ጉደቢያ፣ ሰገነት ላይ፣
በውሃ ታንከሮቹ መሀል፣ ልብስ በተሰጣበት ሰማይ።
ዳኛችን ጦይባ ናት፣ የከሚሴዋ፣ እስክሪብቶ በሻሿ ሰክታ፣
ሃያ አንድ ስም ከደብተሯ፣ ሃያ ዲናር ከየአንዳንዷ ቆጥራ ከትታ።

በሽታው መጣ። ሰገነቱ ተዘጋ፣ ደረጃው ላይ ሰው ጠፋ፣
ዕጣው በስልክ ሆነ፤ የጦይባ ድምፅ ብቻ ሰፋ።

ይርገዱ ሰባተኛ ነበረች።
ብርድ ነው አለች መጀመሪያ፣ የማዳም ኤሲ ነው አለች።
በዘጠነኛው ቀን ስልኳ ጠራ፣ ጠራ፣
ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ በዓረብኛ ነው ያወራ።

ገንዘቧን ለእናቷ ላክን፣ ወግዲ።
ስሟን ግን ጦይባ አልሰረዘችም፤
"ሰባት ቁጥር ይቁም" አለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችም።

ከዚያ ክትባት መጣ ተባለ።
በየስልካችን ወሬ ዘነበ፤ አንዱ ካንዱ የባሰ አለ፦
መሀን ያደርጋል ይላል አንዱ፣ ሌላው ደም ያረጋል ይላል፣
ሦስተኛው፣ "ከነርሷ ጎን ፖሊስ ቆሟል፣ መታወቂያ ይጠይቃል።"
በሁለቱ ሳቅሁ።
በሦስተኛው ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነጋልኝ፣ አልተኛሁ።

እኔ ከማዳም ቤት የወጣሁት በሌሊት፣ በኩሽናው በር፣
ፓስፖርቴ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከልጆቿ የልደት ሻማ ጋር።
ስም የለኝም በዚህ አገር፤ ስም የሌለውን ክንድ ማን ይወጋል?
ቢወጋውስ፣ መርፌ በነቀለበት እጁ ካቴና መች ያስቀራል?

ጦይባ ሐኪም አይደለችም።
አራት ፎቅ፣ አምስት ፎቅ ትወጣለች፤ ጉልበቷ ግን አይችልም።
ከበሩ ሁለት ክንድ ርቃ፣
"አልገባም፣ ውጪልኝ ብቻ" ትላለች፣ በጭንብሏ ታፍና ስቃ።
አንዷ ውሃ ደፋችባት።
"ስንት ከፈሉሽ?" ስትላት፣
"የእቁብ ሃያ ዲናር አለብሽ" አለቻት።

ቢጁ የሚሉት የኬረላ ሰው፣ የግንበኞች ሚኒባስ ሾፌር፣
አማርኛው ሁለት ቃል ነው፣ "አይዞሽ" እና "ዝጊ በር"።
በእሱ መኪና አዲሱ ዕጣ ተጀመረ፤
በዲናር አይደለም አሁን፣ በቀን ነው የተቆጠረ።
ስሟ የወጣላት ትሄዳለች፣ ሌሎቹ ቤንዚን ያዋጣሉ፣
የቀረባትን የቀን ሥራ ተካፍለው ይከፍላሉ።
ብቻዋን የምትሄድ የለችም፤ ከጎኗ አንዲት ምስክር፣
ፖሊስ ቢመጣ የምትጮኽ፣ ባይመጣም መጥታ የምትናገር።

ዝማም ቀድማ ሄደች። ክንዷን ፎቶ አንስታ ላከች፣
"አብጧል። አልሞትኩም። ነገ ሥራ እገባለሁ" አለች።
ከዚያ ሰዓዳ፣ ከዚያ ፍታለሽ፣ ሁለቱ የአምባሰል እህትማማቾች...
የእኔ ስም ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ሁለቱንም አሳለፍኩ፣
አንዴ ራስ ምታት አልኩ፣ አንዴ ስልክ አጥፍቼ ተደበቅኩ።

በሦስተኛው ዓርብ ጦይባ ራሷ መጣች።
ደብተሩን ገልጣ ያዘችልኝ፤ አልተቆጣች።
ሰባት ቁጥር። ይርገዱ። ስሟ በሰማያዊ፣ ጎኑ ባዶ።
"ይህን ቀን ለማን ልስጠው?" አለች፣ ድምፅዋ ከወትሮው ወርዶ።

ጫማዬን አደረግኩ።
ቢጁ "ዝጊ በር" አለ። ዘጋሁ። እስክንደርስ ቃል አልተነፈስኩ።

ባሕር ዳር ሰፊ አዳራሽ፣ ቁጥር የተለጠፈበት ወንበር፣
ከፊቴ ቱታ የለበሰ፣ ሲሚንቶ ጫማው ላይ ነበር።
ፖሊስም ነበር። ስልኩን ይነካካል፤ ቀና ብሎም አላየኝ፣
ወይም አይቶ ተወኝ።

የነርሷ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ ያ ዓይን ሌሊቱን አልተኛም፣
"ስም?" አለችኝ በዓረብኛ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልመጣም።
ማዳም ሦስት ዓመት ሙሉ "ሱሱ" ነበር ያለችኝ፣
ይርገዱ ብቻ ነበረች በሙሉ ስሜ የጠራችኝ።
"እናኑ ይመር አሊ" አልኩ። ደገምኩላት፣ ፊደል በፊደል፤
ጻፈችው፣ አንድ ፊደል ገድፋ። መርፌውማ ያን ያህል አይደል።

ማታ ክንዴ ከበደኝ፤ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ።
ስልኩ ጠራ። አነሳሁ።
"አብጧል?" አለች ዝማም።
"አብጧል" አልኩ።
ከሳቅን በኋላ ዝም አልን፤ ሁለታችንም አልዘጋንም።
"በሚመጣው ዓርብ የማን ነው?" አልኳት፣ "ምስክር የላትም?"